የምታጠባ እናት ከመድኃኒት ቤት የተሰጣትን የወሊድ መከላከያ ክኒን ትቀጥል ወይስ ትተው?

ጥያቄ ከ«የቱሉ ዲምቱ እናት»

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን አራት ወር የሞላት ሴት ልጅ አለችኝ። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ስለጀመርኩ ልጄ ቀን ቀን ከእናቴ ጋር ጡጦ እየጠባች ትውላለች፤ ማታና ሌሊት ግን የእኔን ጡት ትጠባለች። ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለፈው እሑድ የወር አበባዬ ስለመጣ፣ ልጄ ሳትጠና ሌላ እርግዝና እንዳይደርብብኝ ሰግቼ ሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ ከታክሲ የወረድኩበት አካባቢ ወዳለ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ።

ከኋላዬ አምስት ስድስት ሰው ቆሞ ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ የወሊድ መከላከያ ክኒን እንደምፈልግ ተናገርኩ። ወጣቱ አስተናጋጅ ግን «ፒልስ ነው?» ብሎ ሁሉም እስኪሰማ ከጠየቀኝ በኋላ ከመደርደሪያው አንድ ፓኬት አንሥቶ በጥቁር ፌስታል አድርጎ ሰጠኝና ዋጋውን ነግሮኝ ወዲያው ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ። ማጥባት አለማጥባቴን አልጠየቀኝም፤ እኔም ከሀፍረት የተነሣ አልነገርኩትም። ከእርግዝናዬ በፊት እወስደው የነበረው ዓይነት ስለሆነ ሰኞና ማክሰኞ ማታ አንዳንድ ፍሬ ዋጥኩ። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ግን ጎረቤቴ «ወተትሽ ይደርቃል» ስላለችኝ ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ ዋልኩ። በፓኬቱ ውስጥ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ በመሆኑ ብዙም አልረዳኝም። ልቀጥልበት ወይስ ልተወው? የዋጥኳቸው ሁለት ፍሬዎችስ ልጄን ይጎዷት ይሆን?

መልስ ከ«ፋርማሲስት፣ አቃቂ»

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ይረጋጉ፤ ሁለት ፍሬ መዋጥዎ ልጅዎን አይጎዳትም። ቢሆንም በዚህ ክኒን አሁን እንዲቀጥሉበት አልመክርዎትም።

ከፓኬቱ ውስጥ ያለውን ቅጠል አውጥተው ይመልከቱት። 28 ፍሬ ሆኖ 21ዱ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው፣ የመጨረሻዎቹ 7 ደግሞ ቡናማ ከሆኑ፣ በእጅዎ ያለው ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖችን የያዘው ጥምር ክኒን ነው። ኤስትሮጅን የወተቱን መጠን ሊቀንስ ስለሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የምታጠባ እናት ጥምር ክኒን በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ፈጽሞ እንዳትወስድ፣ ከዚያም በኋላ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ ሌላ አማራጭ እስካለ እንዳትጀምረው ይመክራል። ጎረቤትዎ ነገሩን አጋነኑት እንጂ መነሻ የሌለው አልተናገሩም።

ለእርስዎ የሚስማማው ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው ክኒን ነው፤ ለምሳሌ ማይክሮሉት የሚባለው 35 ፍሬ ሲኖረው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ቅጠል ሲያልቅም ቀን ሳይዘለል ሌላው ይጀመራል። የወር አበባዎ የመጣው እሑድ ስለሆነ ዛሬ ማታ ወይም ነገ ከጀመሩት ገና በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ውስጥ ነዎት፤ ስለዚህ ተጨማሪ መከላከያ አያስፈልግዎትም። ከዚያ ቢዘገይ ግን ለመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ኮንዶም መጠቀም ይኖርብዎታል። ይህ ክኒን ሰዓት ላይ ጥብቅ ነው፤ ከ3 ሰዓት በላይ ከዘገየ እንደ ተረሳ ይቆጠራል። በእኔ ደንበኞች ዘንድ በደንብ የሚሠራው ዘዴ ክኒኑን ከምሽቱ የሁለት ሰዓት ዜና ጋር ማስተሳሰር ነው። የገዙትን ጥምር ክኒን አይጣሉት፤ ልጅዎ ስድስት ወር ካለፋት በኋላ፣ የሚያበቃበት ቀን ካልደረሰና የደም ግፊትዎ ከተለካ፣ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ሳይጠየቁ መሸኘትዎ ግን እንደ ባለሙያ አሳዝኖኛል። ይህን ክኒን ለማግኘት በተግባር የሐኪም ማዘዣ የሚጠይቅዎት የለም፤ በመሆኑም ከመድኃኒቱና ከእርስዎ መካከል ያለው ብቸኛ ጥንቃቄ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰው የሚያቀርባቸው አራት አምስት ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ጥምር ክኒን ለሁለት ዓመት ስትወስድ የቆየች እናት ለራስ ምታት ማስታገሻ ልትገዛ መጣች። ከወንበር ላይ አስቀምጬ ግፊቷን ስለካ 160 በ105 ሆኖ አገኘሁት፤ መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ በሌላኛው ክንዷ ደግሜ ለካሁ፣ ለውጥ አልነበረውም። ክኒኑን አቁማ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንድትሄድ አደረግሁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ግፊቷን የለካላት ሰው አልነበረም። ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ በእግር ወይም በሳንባ የደም መርጋት ያጋጠማት፣ ራስ ምታቷ ከመነሣቱ በፊት ዓይኗ ላይ ብርሃን የሚብለጨለጭባት፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታጨስ ሴት ጥምር ክኒን ሊሰጣት አይገባም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን፣ እንዲሁም አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሁለቱንም ዓይነት ክኒን ኃይል ስለሚያዳክሙ፣ ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ሁሉ ሳትጠየቅም ቢሆን ትንገር።

መልስ ከ«የሦስት ልጆች እናት»

እኅቴ፣ ፋርማሲስቱ ያሉሽን ስሚ። እኔ የምጨምረው ስለ ሀፍረቱ ነው፤ ምክንያቱም እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ እሱ ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሄዶ ሁለት ሳምንትም ከዚያ በላይም ይቆያል። መጀመሪያ ክኒኑን ስገዛ እንዴት እንደሚወሰድ ሰው ፊት መጠየቅ ስላፈርኩ፣ እሱ ቤት በሚሆንባቸው ቀናት ብቻ የሚዋጥ መስሎኝ፣ ሲመጣ ጀምሬ ሲሄድ አቆም ነበር። በየቀኑ ካልተወሰደ እንደማይሠራ ያወቅሁት ሦስተኛው ልጄን ካረገዝኩ በኋላ ነው። ልጄን እንደ ዓይኔ ብሌን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሁለተኛዋ ገና ዓመት አልሞላትም ነበር፣ ሰውነቴም አላገገመም ነበር።

አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። ማታ ሰው ሲበዛ አልሄድም፤ ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ እሄዳለሁ። የምፈልገውንና የምጠይቀውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ባለሙያዋም አንብባ ወደ ዳር ትጠራኝና በእስክሪብቶ ቅጠሉ ላይ ከየትኛው ፍሬ እንደምጀምር ምልክት ታደርግልኛለች።

መልስ ከ«አዋላጅ ነርስ»

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። ጠያቂዋ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ይህንኑ ክኒን ያለ ክፍያ ማግኘት እንደሚችሉ፣ ምክሩም በር ተዘግቶ እንደሚሰጥ ልጨምር። ሥራ ውለው ማታ ለሚገቡና በሰዓቱ መዋጥ ለሚከብዳቸው እናቶች፣ በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀመጠውና እንደ ዓይነቱ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት የሚያገለግለው ኢምፕላንት ለማጥባት ችግር ስለሌለው ሊያስቡበት ይችላሉ።

አንድ ስሕተት በየጊዜው ስለሚያጋጥመኝ ልጥቀሰው፦ ፖስትፒል የዘወትር መከላከያ አይደለም። ግንኙነት ከተፈጸመ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ይልቁንም ቶሎ በተወሰደ መጠን የሚሠራ የድንገተኛ ጊዜ መከላከያ ነው፤ በየሳምንቱ እየገዙ መዋጥ ዋስትናው ደካማ ከመሆኑም በላይ የወር አበባን ያዛባል።

ምላሽ ከ«የቱሉ ዲምቱ እናት»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ከሥራ በፊት ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት ሄጄ፣ እንደተመከርኩት በወረቀት ላይ «አራት ወር የሆናት ልጅ አጠባለሁ» ብዬ ጽፌ አቀረብኩ። ባለሙያዋ ከጎን አስቀምጣ ግፊቴን ለካችልኝ፤ 110 በ70 ነው። የሌላ መድኃኒት ተጠቃሚ መሆን አለመሆኔንም ጠይቃ ባለ 35 ፍሬውን ሰጠችኝ። ዛሬ ማታ ከዜናው ጋር እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ በወሩ መካከል ደም ጠብ ጠብ ቢልብኝ ላቁመው?

መልስ ከ«ፋርማሲስት፣ አቃቂ»

አያቁሙት። በዚህ ክኒን የመጀመሪያዎቹ ወራት የደም ጠብታ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ክኒኑ አለመሥራቱንም አያመለክትም። ደሙ ከበዛ ወይም ከሆድ ሕመም ጋር ከመጣ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።