የሞንትሪያል መብራት ክዳን ግማሽ ላይ ይቆማል፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፣ ከቦሎኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ የ1973 አልፋ ሮሜዮ ሞንትሪያል መኪናቸውን በአደራ ሰጥተውኛል። የፊት መብራቶቹን እንደ ዓይን ቆብ ከላይ የሚሸፍኑ ክዳኖች አሉት፤ መብራት ሲበራ መውረድ አለባቸው። አሁን ሁለቱም ግማሽ ወርደው ይቆማሉ። ሞተሩም ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል። ያሳየሁት ጋራዥ «የነዳጅ ፓምፑን አውጥተን ካርቡራተር እንግጠምለት፤ ክዳኖቹንም ወርደው እንዲቀሩ እናስራቸው» አለኝ። ልቤ እሺ አላለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከሽቱትጋርት፦
ወንድሜ፣ እባክህ ምንም አታስነቅል። ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ክዳኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ቫኪዩም ነው። 50 ዓመት ያለፈው የጎማ ቱቦ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የሚገባው አየር ክዳኑን ጉልበት ያሳጣዋል፣ ሚኒሞውንም ያናጋል።

ቱቦውን ከሞተሩ ጀምረህ በእጅህ እየዳበስክ ተከተለው፤ መጋጠሚያዎቹን ጎንበስ ጎንበስ አድርጋቸው፣ ስንጥቅ የሚታየው ያኔ ነው። ቀጥለህ በክዳኑ በኩል ንቀለውና በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ሳብ። ክዳኑ ተንቀሳቅሶ ባለበት ከቆየ ሜምብራኑ፣ ማለትም በቫኪዩም ተስቦ ክዳኑን የሚያንቀሳቅሰው ስስ ሽፋን፣ ደህና ነው። ቀስ እያለ ከተመለሰ ግን ሜምብራኑ ተቀዷል። የነዳጅ ፓምፑ ስፒካ የሚባለው ሜካኒካል ኢንጀክሽን ነው፤ ነዳጁን ለክቶ ወደ ሞተሩ የሚረጨው እሱ ነው። አየር የሚያስገባው ስንጥቅ ሳይደፈን እሱን ማስተካከል የባሰ ያበላሸዋል።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፦
አንዱ ወርዶ ሌላው ከቀረ ማጠፊያው ዝጎ ነውና አጽድተህ ቅባው። ሁለቱም እኩል ከቆሙ ግን ከላይ ያለው ወንድም ልክ ነው። ደግሞ ከሽማግሌ መካኒኮች ጋር ለመግባባት አትቸገር፤ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን እያልን ያደግንባቸው ቃላት ከእነሱው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

መልስ፣ ከሚላኖ፦
ወንድሜ፣ ክዳኖቹን እንዳታሳስራቸው፤ የመኪናዋ መልክ እነሱ ናቸው። በ1967 ሞንትሪያል ኤክስፖ ላይ ስትታይ ስም አልነበራትም፤ ሰው በከተማው ስም ጠራትና ያው ጸናላት። ንድፉ የቤርቶኔው ማርቼሎ ጋንዲኒ ነው። ለሽያጭ የቀረበችው በ1970 ሲሆን፣ የተሠሩት ወደ 3,900 ብቻ ናቸው። 2,593 ሲሲው ቪ8 ሞተር ከአልፋ ሮሜዮ 33 የውድድር መኪና የወረደ ነው፤ 200 የፈረስ ጉልበት አለው። ኮፈኑ ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ እንኳ ድፍን ነው፤ የኮፈኑን እብጠት ለመሸፈን የተደረገ! እኔ እንዲህ ያለውን ነገሯን ነው የምወድላት።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ዘይቱ ያለው በተለየ ታንክ ውስጥ ነው። መጠኑን ሞተሩ ሞቆ፣ ሚኒሞ ላይ እየሠራ እያለ ለካ። በቀዝቃዛው አይተው ጎድሏል ብለው የሚሞሉ ብዙ ናቸው።

ከጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቱቦው መጋጠሚያው ጋ ተሰንጥቆ አገኘሁት። 2 ሜትር አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ፤ ሚኒሞው ረጋ። ሲሞቅ ግን አሁንም የቤንዚን ሽታ አለው፤ ለስፒካው ሙቀቱን የሚነግረውን ቴርሞስታት ቅዳሜ አወርደዋለሁ። ትናንት ማታ ሽማግሌው ራሳቸው መብራቱን አበሩ፤ ክዳኖቹ እስከ ታች ወረዱ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አጠፉት፣ አበሩት።