ኤላስቲኮ አልወጣልኝ አለ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ነው የምጫወተው፣ በግራ ክንፍ፣ ቀኝ እግረኛ ነኝ። ብራዚላውያኑ ሪቬሊኖ ያስተዋወቀው፣ ሮናልዲንሆ ያስዋበው ኤላስቲኮ (በእግር ኳስ ተከላካይን ማታለያ ዘዴ) እምቢ ብሎኛል። ወደ መሀል የምገባ መስዬ በመስመሩ ማምለጥ ነው የምፈልገው።

ቆሜ ስሞክር ይሠራል፦ በእግሬ ውጨኛ ጎን ገፋ፣ ወዲያው በውስጠኛው መለስ። እየሮጥኩ ሲሆን ግን ገና በመጀመሪያው ንክኪ ኳሷ ትርቀኛለች፣ መመለሻው አይደርስባትም። ሜዳችን ጠጠርና አቧራ ነው፣ ኳሷም ትነጥራለች። ግን ሜዳውን እንዳልወቅስ አንዱ ጓደኛዬ እዚያው ላይ ተከላካዩን ቁጭ ያደርገዋል (ለማሳየት ትዕግሥት የለውም እንጂ)።

ክብደቴን ቆሞ በሚቀረው እግር ላይ መቼ ልጣል? ትከሻዬ ከኳሷ ይቅደም ወይስ አብሯት ይሂድ? ተከላካዩስ ምን ያህል ሲጠጋ ልጀምር? ቪዲዮ አይቻለሁ፣ ሁሉም በሣር ላይ ነው። በጠጠር የተጫወታችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።