ረቂቅ 3፦ የኃይል ብክነት ቅነሳ የጋራ ዕቅድ (እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ)

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 3 ይኸው። ዋናው ነገር አልተነካም። ከማህበሩ ካዝና አንድ የአልትራሳውንድ መሣሪያ (የሚያመልጥ አየር የሚያሰማውን፣ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ የሚይዝ) ይገዛል፣ በ5ቱም አባል ፋብሪካ እየዞረ አየር የሚያመልጥበትን ይፈልጋል፣ ውጤቱ ከ12 ወር የቆጣሪ ንባብ ጋር ይመሳከራል። ከ1 እስከ 6 ያለው አየር አምቆ ለማሽኖቹ ስለሚልከው ኮምፕረሰር ነው። 7 የቢሮ ነው፤ የወረቀት ኩባያ ይቅር ይላል።

ብረታ ብረት፦
ተራ ቁጥር 2 ላይ የሚያመልጠው አየር አለካክ አልተጻፈም። እንደ ባለፈው ሁሉም በመሰለው ለክቶ እንዳይመጣ። ፈረቃ ሲያልቅ አየር የሚበላው ማሽን ሁሉ ይቁም፣ ኮምፕረሰሩ ብቻ ይሥራ። የሎድ (አየር የሚያምቅበትን) እና የአንሎድ (ሳያምቅ እንዲሁ የሚዞርበትን) ጊዜ ቢያንስ 10 ዙር መዝግቡ፣ ከዚያ የሎዱን ጊዜ ለድምሩ አካፍሉ። 2 ደቂቃ ሎድ፣ 6 ደቂቃ አንሎድ ከሆነ 25 በመቶው ያመልጣል ማለት ነው። ኢንቨርተር ያለው (የሞተሩን ፍጥነት እንደ አየር ፍላጎቱ የሚቀያይር) ኮምፕረሰር ላይ ይህ ስሌት አይሠራም፤ እሱ ላይ ኪሎዋቱን አንብቡ።
ንባቡም ብቻውን አይላክ። ምርት የቀነሰበት ወር ቁጠባ መስሎ ይታያል። በቶን ወይም በቁራጭ ተካፍሎ ይምጣ።

ማተሚያ፦
7 ይውጣ። የሸክላ ኩባያ በሙቅ ውሃ ነው የሚታጠበው፣ ሙቅ ውሃ ደግሞ መብራት ነው። ወረቀት ቢያንስ ይበሰብሳል።

ፕላስቲክ፦
አይበሰብስም። ውስጡ በፖሊኤቲሊን ተለብጧል፤ ባይለበጥ ውሃ ይይዝ ነበር? ከተራ ወረቀት ጋር ቀላቅላችሁ ብትሰጡም ልባጡን መለየት የማይችል ገዢ ይመልስላችኋል።

ማተሚያ፦
ወረቀት ላይ ለሚውል ሰው ስለ ወረቀት አታስተምር።

ፕላስቲክ፦
ስለ ልባጡ ነው የማወራው። እሱ የእኔ ሥራ ነው።

ሂሳብ፦
ኩባያው የሚገዛው ከማህበሩ ነው ወይስ ከየድርጅቱ? እኔ ያለሁበት ድርጅት ሠራተኛ 40 ነው፣ የማተሚያው 120። መዋጮው እኩል ሆኖ ኩባያው በሰው ቁጥር ከተከፋፈለ አንስማማም።

ማተሚያ፦
ይኸው ወጣ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛ ላይ ነው። በሠንጠረዡም ላይ እኛን ብቻ በቀይ የጻፋችሁት ሆን ብላችሁ ነው።

ጸሐፊ፦
ቀይ የሆነው የ4 ወር ንባብ ስላልላካችሁ ነው። አሁንም አልደረሰኝም።

ብረታ ብረት፦
ስሌቱን ልሥራውና ይዘጋ። 1 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 0.047 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለአንድ ኩባያ ግማሽ ሊትር እንስጠው፤ ብዙ ነው ግን ይሁን። 120 ሰው በቀን 3 ጊዜ ቢጠጣ 360 እጥበት፣ 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። አሁን ባለ 37 ኪሎዋቱን ኮምፕረሰር ሌሊት 14 ሰዓት ሳይጠፋ አሳድሩት። ሩቡን ጊዜ ሎድ ላይ ነው፣ በቀረው ጊዜ እንዲሁ ሲዞር 10 ኪሎዋት ያህል ይበላል። ድምሩ ወደ 235 ኪሎዋት ሰዓት። በአንድ ሌሊቱ የ28 ቀን ኩባያ ይታጠባል።

ማተሚያ፦
የእኛ ኮምፕረሰር ሌሊት ይጠፋል።

ብረታ ብረት፦
በታይመር ነው ወይስ ሰው ሲያስታውስ?

ማተሚያ፦
አሁን የተነሳው የኩባያ ጉዳይ ነው።

እንጨት ሥራ፦
ስሌቱ ሳሙናውን አልቆጠረም። የሚሰበረውንም።

ሂሳብ፦
የሚሰበረው በማን ስም ይመዘገባል? አላቂ ዕቃ ነው ወይስ ቋሚ?

ፕላስቲክ፦
እያንዳንዱ የራሱን ከቤቱ ያምጣ! በአንድ ኩባያ 2 ሳምንት ልንጨቃጨቅ ነው?

እንጨት ሥራ፦
እንግዳ ሲመጣስ?

ብረታ ብረት፦
እስከዚያ ተራ ቁጥር 4ን አስተካክሉልኝ። "ማምለጫው ይደፈናል" ብሎ ማቆም አይበቃም። በብዛት የሚገኘው ፈጣን ኩፕሊንግ ላይ፣ የሆዝ ማሰሪያ ላይ፣ የፊልተሩ ብርጭቆ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ላይ፣ ተከፍቶ የቀረ የውሃ ማስወጫ ቫልቭ ላይ ነው። የተገኘው ሁሉ ካርድ ይታሰርበት፤ ካርድ ካልታሰረ ጠጋኙ ቦታውን አያገኘውም። ዋናው ስህተት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ማምለጫው ተደፍኖ ኮምፕረሰሩ ግን በድሮው ግፊት ይተዋል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ከቆየ የቀሩት ቀዳዳዎች የበለጠ ያፈሳሉ፣ ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) የሌለው ማሽንም የበለጠ ይበላል። በ7 ባር አካባቢ 1 ባር ሲቀነስ የኮምፕረሰሩ ፍጆታ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይወርዳል። በአንዴ ሳይሆን በ0.2 ባር እያወረዳችሁ፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ማሽን መቸገር ሲጀምር አንድ ደረጃ መልሱ።
ኮምፕረሰሩ አንሎድ ላይ ቆይቶ ራሱን የሚያጠፋበት ጊዜም ይስተካከል፤ ግን በጣም አታሳጥሩት። ሞተሩ በሰዓት ከተፈቀደለት በላይ ከተነሳ ዋይንዲንጉ (ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ) ይቃጠላል።

ጸሐፊ፦
4 ላይ ሌላ አስተያየት ያለው አለ?

ጸሐፊ፦
ከሌለ እንደተጻፈው ይግባ። ለልኬቱ ፈቃደኛ የነበሩት 3 ሰዎች መቼ እንደሚጀምሩ ያሳውቁ።

ማተሚያ፦
ያን ቀን ቃሌ ከሮ ከሆነ ይቅርታ። 7ን በአንድ ሁኔታ እቀበላለሁ፦ እጥበቱ በማሽን ይሁን። ቧንቧ ከፍቶ አንድ በአንድ ከማለቅለቅ ማሽን ውሃ ይቆጥባል።

ፕላስቲክ፦
ሞልቶ ሲሠራ። 6 ኩባያ ይዞ ከዞረ ከእጅ ይብሳል። ግን እስማማለሁ።

እንጨት ሥራ፦
እኛም እንስማማለን፤ ለ5ታችንም እኩል ከሆነ።

ሂሳብ፦
እኩል አንድ አንድ ማሽን ከሆነ መዋጮውም እኩል ይሁን። ተቃውሞዬን አንስቻለሁ። 3 ፕሮፎርማ ላስመጣ።

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 5 ተለጥፏል። ተራ ቁጥር 1፦ 5 የኩባያ ማጠቢያ ማሽን። ተራ ቁጥር 2፦ የኩባያ ግዥ። የአልትራሳውንድ መሣሪያው በጀቱ ስላልበቃ ወደ አባሪ ወርዷል፤ እስከዚያ አየር የሚያመልጥበት በሳሙና አረፋ ይፈለግ። ከፈቃደኞቹ 2ቱ መልስ አልሰጡም፣ 3ኛው ሥራ ቀይሯል።

ብረታ ብረት፦
የሳሙና አረፋ ያየኸውን መገጣጠሚያ ብቻ ነው የሚነግርህ፤ ጣሪያ ሥር ያለውን መስመር ማን ሊቀባው ነው? ለማንኛውም ማሽኑ ውሃውን ራሱ ያሞቃል? ስንት ኪሎዋት ነው? ያለው ብሬከር ይችለዋል?

ሂሳብ፦
ፕሮፎርማው ላይ ዋጋና ቀለም ብቻ ነው ያለው። ነጭና ግራጫ።

እንጨት ሥራ፦
ግራጫው እድፍ አያሳይም።