ለእናትሽ የልብ ምት ሰዓት ከመግዛትሽ በፊት፦ ጥቆማ ከደሴ

ሰሞኑን አንዲት እህት «እናቴ የልብ ምት መዛባት አለብዎት ተባሉ፤ ደሴ ውስጥ የትኛውን ስማርት ሰዓት ልግዛላቸው?» ብላ ጠይቃ ነበር። መልሴ ስለረዘመ ለብቻው አወጣሁት። እኔም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከሚባለው የልብ ምት መዛባት ጋር ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ሐኪም አይደለሁም። ግን በሰዓት ተሸውጄም፣ በሰዓት ተጠቅሜም አውቃለሁ።

አብሽሪ፣ አብረውት የሚኖሩት በሽታ ነው። ሰዓቱን ግን ሦስተኛ ላይ አድርጊው።

አንደኛው ኢሲጂ ነው፣ የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚስለው ምርመራ፤ ያውም ልብ እየተዛባ ሳለ የተነሳ። ይሄ ነገር የሚያዘው እጅ ከፍንጅ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ልቤ ትር ትር እያለ ከቤት ወጥቼ፣ ካርድ አውጥቼ ተራዬ እስኪደርስ ጸጥ አለብኝ። ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። «ጭንቀት ነው» ተብዬ ተመለስኩ። በአራተኛው ሌሊት ሰፈሬ ያለ ክሊኒክ በባጃጅ ከነፍኩ። ነርሷ ያንን ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ ገመዶቹን ለጠፈች። ወረቀቱ መውጣት ሲጀምር ዝም ብላ አየችውና «እንዳትነሺ» አለችኝ። በስንት ወሬ ሲጠፋ የከረመው፣ በአንድ ክንድ ወረቀት ተያዘ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ ዕቃ አይደለም። በቀን ሂጂና በአቅራቢያችሁ ያሉትን ክሊኒኮች «ሌሊት ብንመጣ ኢሲጂ የሚያነሳ ሰው አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ማሽን አለ ማለት ሰው አለ ማለት አይደለም። አንድ ቦታ የክፍሉ ቁልፍ ከባለሙያው ጋር ቤቱ ሄዶ ያድራል። ለፈጣን ምርመራ የግል ክሊኒክ ይቀላል። ለክትትል ግን እኔ የመንግሥት ሆስፒታልን እመርጣለሁ፤ ታሪክሽ አንድ ካርድ ላይ ይጠራቀማል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ እዚያው የሚያነሳ ፈልጉ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሌሊት መውጣት ለጤነኛም ልብ አይመከርም።

የኢሲጂ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ውሎ አድሮ ይደበዝዛል። በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት። በ2014 ከደሴ ስንወጣ ወረቀቶቼ ቤት ቀርተው ጠፍተዋል። የተረፉኝ ለራሴ በቴሌግራም የላክኋቸው ፎቶዎች ናቸው።

ሁለተኛው የግፊት መለኪያ ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ፣ የእጅ አንጓውን ተዉት። እንደ ኦምሮን ያሉት ብዙዎቹ ምቱ ሲዛባ ምልክት ያሳያሉ። ምት በተዛባበት ሰዓት አንድ ልኬት አይታመንም፤ ሦስቴ ለክቶ አማካዩን መያዝ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከታች አረንጓዴ መብራት እያበራ በቆዳ ስር የሚያልፈውን ደም ይቆጥራል። ሁለተኛው ጣት ሲነካው የልብን ኤሌክትሪክ 30 ሰከንድ ይስላል። ለሐኪም የሚጠቅመው የሚስለው ነው። አፕል ከሲሪስ 4 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ማለት ነው፣ አለው፤ ኤስኢ የሚባለው ግን የለውም። የሳምሰንግ ጋላክሲ ሰዓትም ይስላል፣ ግን ስልኩም ሳምሰንግ ካልሆነ አይሠራም። አንዳንዱ ሰዓት ደግሞ በተገዛበት አገር ምክንያት ኢሲጂው ይዘጋል። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ከስልካችሁ ጋር አገናኝታችሁ አስነሱት። የአብዛኞቹ የአፕል ሰዓቶች ባትሪ 18 ሰዓት ነው የሚባለው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለደሴ ሰው አይነገርም። የሻኦሚ ባንድ ከሳምንት በላይ ይቆያል፣ ግን ይቆጥራል እንጂ አይስልም።

ለትልቅ ሰው የምመርጠው ሰዓት ያልሆነውን ነው። ካርዲያ ሞባይል ይባላል። ማስቲካ የምታክል ዝርግ ነገር ናት። ሁለት ጣት ከሁለቱም እጅ ታስቀምጫለሽ፣ ስልኩ ላይ ይስላል። ባትሪዋ ያቺ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ናት፤ በየቀኑ ቻርጅ የለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እሷን አስመጡ።

የኮፒ ሰዓት ነገር ግን አደራ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ልጁ «ኢሲጂ አለው እህቴ» ብሎ አሰረልኝ። ቆንጆ መስመር እየሳለ ሄደ። ፈትቼ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። መሳሉን ቀጠለ! የመስታወቱ ልብ ጤነኛ ነበር። ልጁም ሳቀ፣ እኔም ስቄ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ሰዓቴን ግን ከሌላ ሱቅ ሳልፈትን ገዝቼ ስምንት ወር አስሬዋለሁ።

ጥሩውም ቢሆን ይሳሳታል። «ሰዓቴ 44 ብሎ አስደነገጠኝ» ላላችሁኝ ጋሼ፦ ደካማ ምት እጅ ድረስ ስለማይደርስ ሰዓቱ ይዘለዋል። ጆሮ ደረት ላይ ተደርጎ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቢቆጠር ይበልጣል። በደሴ ብርድ እጅ ሲቀዘቅዝም ቁጥሩ ይጠፋል፤ እጅ አሙቆ መድገም ነው። የጣት ኦክስጅን መለኪያው 94 ካለም አትደንግጡ፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ስለሆነ እኔ ራሴ እዚያ ስወርድ ቁጥሬ ትንሽ ከፍ ይላል።

አንድ የተበላሸብኝን ልንገርሽ። ደብተሬ ላይ «ሌሊት 8 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። የሰዓቱ መዝገብ 2 ይላል። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ መስሎት ስለ ምሳ ይጠይቀኛል። አሁን ሁለቱንም አጻጻፍ ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ ቀኑንም እንደዚያው። ከዚያ ምን እየሠራሁ እንደነበር፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ መድኃኒት ዘልዬ እንደሆነ። ቡናም አቦል ይሁን በረካ እጽፋለሁ። ጫት የሚቅም ሰው እሱንም ሳይደብቅ ይጻፍ፤ ጫት ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ ሐኪሙም ሊሰድበው አይደለም የሚጠይቀው።

ከሁሉ በላይ ግን ይሄን ስሚኝ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በስትሮክ የመያዝን ዕድል አምስት እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። ሰዓት ደም ወፍሮ ይሁን ቀጥኖ አያውቅም። እናትሽ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ከታዘዘላቸው የሰዓቱን ብር መጀመሪያ የደሙን መቅጠን ለሚለካው የአይኤንአር ምርመራ አውይው። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ የብረት የልብ ቫልቭ ለተገባላቸው ከፍ ሊል ይችላል። ጎመን ደግሞ ዋርፋሪንን ያዳክማል። እኔ ሁዳዴ ሲገባ ጎመን በጎመን እሆንና ቁጥሬ ይወርድ ነበር። መተው ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ መጠኑን እኩል ማድረግ ነው ያዳነኝ። ታይሮይድና የደም ማነስ ካልታዩላቸውም አሳዪ፤ ሁለቱም ልብ ያስሮጣሉ።

ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደረታቸውን ከጨመቃቸው፣ አፋቸው ከተጣመመ ወይም አንድ ጎናቸው ከዛለ ሰዓት አይታይም። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። የሰዓት ኢሲጂ የልብ ድካም ወይም የልብ ጥቃት አለ የለም ብሎ አይነግርሽም።

የሰዓቱን ማሳሰቢያም አጥፊላቸው። እኔ በየሰዓቱ እያየሁ እንቅልፍ አጥቼ፣ ሐኪሜ ሁለት ሳምንት አውልቂው ብሎኛል።

እናትሽ የሚይዙት ስልክ ምንድነው? እሱን ጻፊልኝ። ሳምሰንግ ከሆነ ቅዳሜ ፒያሳ ስለምወጣ አንድ ሁለት ሱቅ ጠይቄ እነግርሻለሁ።