ለክረምቱ ተከታታይ ጨዋታ የጋራ ሐሳብ፦ አንድ እምነት፣ ሁለት ወገን

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለክረምቱ ጨዋታችን፣ ማለት ጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕርይ ይዘን በዳይስ ለምንጫወተው ታሪክ፣ የአዳራሽ ማመልከቻው በሚቀጥለው ሳምንት መግባት አለበት። ባለፈው ስንለያይ የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው። የዘንድሮው ዓለም ውስጥ የብርሃን አምላክ ከጨለማ አምላክ ጋር አይዋጋም። የሚጣሉት አንድ አምላክ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ጾም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ረቂቁ ይኸው፣ ቁረጡ፣ ጨምሩ፦

«በደጋው አገር ሁሉም የሚያከብረው ቅዱስ እሳት አለ። ተሸካሚዎች የሚባሉት ከእናት መቅደሱ በፍም ካልመጣ እሳቱ ቅዱስ አይደለም ይላሉ። ለኳሾች ደግሞ በጸሎት የተለኮሰ እሳት ሁሉ ያው ነው ይላሉ።»

የኮምቦልቻው፦
ደስ ይላል፣ ግን የኑሮው ጉዳይ ይግባበት። እናት መቅደሱን የያዘ ሰው ፍሙን ማን ይውሰድ ብሎ ይወስናል። ስለዚህ መንገዱን፣ ግብሩንና ሹመቱን ይይዛል። ከመቅደሱ የ10 ቀን መንገድ የራቀ መንደር በክረምት ዝናብ ፍሙ ሲጠፋበት ምን ያድርግ? ሕፃን ይወለዳል፣ ሰው ይሞታል፣ እሳት ያስፈልጋል። ያ መንደር ለኳሽ የሚሆነው መጽሐፍ መርምሮ አይደለም፣ ቸግሮት ነው። ትምህርቱ ኋላ ይመጣል።

የእኛንም ታሪክ እዩት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተከራከሩት ወገኖች ቅባት በጎጃም፣ ጸጋ በጎንደርና በሸዋ፣ ካራ በትግራይ ነበር የበረታው። ክርክሩ የክርስቶስን ልደትና ቅባት የሚመለከት ነው። ካርታው ግን የመሳፍንቱን ካርታ ይመስላል።

የሐይቁ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እምነቱን የሥልጣን ሰበብ ብቻ ካደረግነው ጨዋታው ይሞታል። ተጫዋቾቹ ሁሉ «ኧረ ይሄ ለግብር ነው» ብለው በአንድ ቀን ይገላገሉታል።

ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ያሉትን የአባ ኤዎስጣቴዎስን ተከታዮች አስቡ። ከመቶ ዓመት በላይ ተገፍተዋል። መሪያቸው አባ ፊልጶስ እዚሁ ሐይቅ ገዳም ታስረው ነበር። ሐይቅ እኮ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ትምህርት ያቀኑበት ቦታ ነው። አሳሪውም ታሳሪውም አንድ ዓይነት ቆብ የደፉ፣ አንድ ዓይነት ዳዊት የሚደግሙ መነኮሳት ነበሩ። እኔን የሚይዘኝ ይሄ ነው። ያ ሰው የታሰረው ለርስት አይደለም፣ ስለሚያምን ነው። በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ይኑር ብለን እንጻፍ።

የኮምቦልቻው፦
ተቀብያለሁ። ግን መንደሩም ይቆይልኝ፣ አታውጡት።

ሰብሳቢዋ፦
ሁለቱም ይገባሉ። የጨዋታው መጨረሻ የሁለቱ ወገን ጉባኤ ነው። እሱ የሚያልቅበትን መንገድስ?

የሐይቁ፦
ሁለት ምሳሌ አለን። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቅዳሜም እሑድም ይከበር ብለው ሁለቱን አስማሙ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ አደረጉ። ምኒልክም ነበሩ። ተዋሕዶ (የካራ ወገን) ረታ፣ የሦስት ልደት ትምህርት (ጸጋ) ተወገዘ፣ አንለውጥም ያሉት ተቀጡ። አንዱ ጉባኤ ሁለቱንም አቀፈ፣ ሌላው አንዱን ለይቶ አጸደቀ። ተጫዋቾቹ ጉባኤውን ወደ አንዱ መንገድ ይግፉት። ካሸነፉም በኋላ የተሸነፈው ሰው ወዴት እንደሚሄድ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው።

የጢጣዋ፦
አብሽሩ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔ አንድ አደራ አለኝ። ዛሬ በሕይወት ያለ ጠብ አናስገባ። የድሮው ጉባኤ አስተማሪያችን ይሁን፣ ስሙና ቃሉ ግን ጠረጴዛው ላይ አይምጣ። በእኛም በኩል ያው ነው። መንዙማ በድቤ፣ የወልዮች ዝያራ፣ እነዚህ በአንድ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ የሚለያዩባቸው ነገሮች ናቸው። እናቴ ዝያራ ትሄዳለች፣ ወንድሜ አይሄድም። ሁለቱንም እወዳለሁ። ማንም በዳይስ እንዲያሸንፋቸው አልፈልግም።

እሳቱ የማንም ስላልሆነ ነው የወደድኩት። ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል እንግዳ ሆኖ ይገባበታል። ይህ በጽሑፍ ይስፈር።

ሰብሳቢዋ፦
እናመሰግናለን እህቴ። ይሰፍራል።

ጨዋታ መሪው፦
አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፣ ዋናው ችግር እዚያ ነውና።

የምንጫወተው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጀምሮ ክለሪክ የሚባል ካህን ገጸ ባሕርይ አለ፣ አምላኩ ኃይል ይሰጠዋል። በ2000ው ሦስተኛ እትም ክለሪኩ በጠባዩ (ሕጉ ለደግነትና ለክፋት ባወጣው መለኪያ) ከአምላኩ ከአንድ ደረጃ በላይ መራቅ አይችልም። በዚህ ሕግ የአንድ እምነት ጠብ ቶሎ ያልቃል። ማን ተሳሳተ? ኃይሉ የተወሰደበት! ክርክር የለም፣ ጉባኤ የለም።

በ2004 ለዚሁ ጨዋታ የወጣው ኤበሮን የሚባል ልብ ወለድ ዓለም ይህን ፈታው። እዚያ አማልክቱ ሩቅ ናቸው። ክፉ ካህን የደግ አምላክ አገልጋይ ሆኖ ኃይሉን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ሰው በተአምር አይለይም፣ በሥራው ነው የሚለየው። እኛም ይህን እንውሰድ። የተሸካሚዎች እሳት ይፈውሳል፣ የለኳሾችም ይፈውሳል። ተሸካሚው «ያንተ ፈውስ ማታለያ ነው» ይላል። ለኳሹም «አየኸው፣ ያው ነው» ይላል። አንዱን ተአምር ሁለቱም ለየራሳቸው ያነቡታል።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። እኛ በምንጫወትበት አምስተኛ እትም ክለሪኩ አምላኩን ሦስት ጥያቄ የሚጠይቅበት ድግምት አለ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰ ተጫዋች «የትኛው እሳት ነው ትክክል?» ካለ ዓለማችን ፈረሰ። ደግነቱ ሕጉ ራሱ «ግልጽ አይደለም» የሚል መልስ ይፈቅዳል። በዚህ ጥያቄ ላይ መልሱ ሁልጊዜ ይህ ይሁን። ለተጫዋቾቹም ከመጀመሪያው ቀን እንንገራቸው፣ ተታለልን እንዳይሉ።

የሐይቁ፦
ጨዋታ መሪው ግን እውነቱን በልቡ ይወቅ። አለዚያ ዓለሙ ባዶ ይሆናል።

ጨዋታ መሪው፦
እኔ ካወቅሁ ፊቴ ይናገራል። ሳላስበው ለአንዱ ወገን ደግ መነኩሴ፣ ለሌላው ጨካኝ አለቃ እሰጣለሁ። የዚያ ወገን ተጫዋች ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት አይመጣም። ቦሩ ሜዳ የተከራከሩት ሊቃውንት ሰማይ ተከፍቶ አልተነገራቸውም። በመጽሐፍና በአንደበት ነው የተሟገቱት። ተጫዋቾቼም በዚያው ይሟገቱ፣ ጥቅስ ይፈልጉ፣ ምስክር ይጥሩ።

የጢጣዋ፦
እኔም ከጨዋታ መሪው ጋር ነኝ። ከወገኖቹ አንዱ የእናቴን ጠባይ ቢይዝ፣ ጨዋታው እሷ ተሳሳተች ብሎ እንዲያበቃ አልወድም።

የኮምቦልቻው፦
እኔም።

ሰብሳቢዋ፦
እንግዲህ ለማመልከቻው የሚሄደው ይህ ነው፦

«ተከታታዩ ጨዋታ በአንድ ልብ ወለድ እምነት ውስጥ ስለተነሣ ክርክር ነው። ከነባር ሃይማኖቶች ስም፣ ጸሎትና ሥርዓት አይወሰድም። ከሁለቱ ወገኖች የትኛው ትክክል እንደሆነ ሕጉ አይወስንም፣ ጨዋታ መሪውም አያውቅም። በእያንዳንዱ ወገን ከልቡ የሚያምን፣ ቸግሮት የተከተለና የሚጠቀምበት ሰው ይኖራል። መጨረሻው ጉባኤ ነው፣ ከጉባኤው በኋላም አንድ ክፍለ ጊዜ ለተሸነፉት ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ተጫዋች የማይፈልገውን ርዕስ ይናገራል፣ ምክንያት አይጠየቅም።»

የሐይቁ፦
ጨዋታ መሪው አያውቅም በሚለው ላይ ልዩነቴ ይመዝገብልኝ። የቀረውን እፈርማለሁ። የሁለቱን ወገን መጽሐፍ እኔ ልጻፍ፣ አንዱን ጥቅስ ሁለቱም እንዲጠቅሱት አድርጌ።

ሰብሳቢዋ፦
ተመዝግቧል። መጽሐፉን እስከ ዓርብ ላክልን። የኮምቦልቻው ካርታውን ይሥራ፣ መንደሩንም እንዳትረሳ። የጢጣዋ ማመልከቻውን ይዘሽ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ።