ኮሜዲ ሲቀረጽ ተመልካች ሆኖ መግባት (ሎስ አንጀለስ)፦ እናቴን ልወስዳት ነው

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ኦክቶበር ላይ ከእናቴና ከ15 ዓመት ልጄ ጋር ለአንድ ሳምንት ሎስ አንጀለስ እንሄዳለን። ማረፊያችን ፌርፋክስ፣ ሊትል ኢትዮጵያ አጠገብ ነው። እናቴ አንድም ክፍል አምልጧት የማያውቅ የአሜሪካ ኮሜዲ አለ። በርባንክ ውስጥ ተመልካች ተቀምጦ እያየ እንደሚቀረጽ ሰማሁና ላስገባት አሰብኩ። ትኬቱ ስንት ነው፣ ከየትስ ይገዛል? ልጄ ይገባል ወይ? ለ22 ደቂቃ ክፍል ስንት ሰዓት እንቀመጣለን? ያየሁት ቀን ዓርብ ነው። እናቴ ትጾማለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ እንግሊዝኛውም ፈጠን ሲል ያመልጣታል። የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

በርባንክ ሰፈር፦

እህቴ፣ ትኬቱ አይገዛም። የስቱዲዮ ተመልካች ትኬት በነጻ ነው የሚሰጠው፤ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ እለፊው። የሚያከፋፍሉት ለዚሁ ሥራ የቆሙ ድርጅቶች ናቸው፦ ኦዲየንስስ አንሊሚትድ፣ ዋን አዮታ፣ ኦን ካሜራ ኦዲየንስስ። አንዱ ኮሜዲ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው በኩል ስለሚወጣ መጀመሪያ የእናትሽ ኮሜዲ በማን እጅ እንዳለ አጣሪ። ቀኖቹ ብዙውን ጊዜ የሚለቀቁት ቀረጻው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ነው። ተፈላጊ የሆነው ቶሎ ስለሚያልቅ በኢሜይል እንዲያሳውቁሽ ተመዝገቢ።

ከዚያ በፊት ግን ኮሜዲው በእርግጥ በተመልካች ፊት የሚቀረጽ መሆኑን አረጋግጪ። ሳቅ ስለተሰማ ብቻ አይደለም። «ሃው አይ ሜት ዩር ማዘር» ላይ የሚሰማው ሳቅ ክፍሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ለሰው ታይቶ የተቀዳ ነው፤ ሲቀረጽ ተመልካች አልነበረም። «ቢግ ባንግ ቲዎሪ» በተመልካች ፊት ሲቀረጽ፣ ከእሱ የተወለደው «ያንግ ሼልደን» ደግሞ ያለ ተመልካች ነው የተሠራው።

የአውሮፕላን ትኬትም ገና ካልቆረጥሽ አንድ ነገር ልብ በይ። እነዚህ ኮሜዲዎች በአብዛኛው ከኦገስት እስከ ማርች ባለው ጊዜ ይቀረጻሉ፤ ሆኖም በየሳምንቱ አይደለም። የተለመደው ሦስት ሳምንት ሠርቶ አንድ ሳምንት ማረፍ ነው። የእናንተ ሳምንት ከእረፍቱ ጋር ከገጠመ፣ ስቱዲዮው በር ላይ ብትቆሙም የሚታይ ነገር የለም።

ልጅሽን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። ዝቅተኛው ዕድሜ ለአብዛኛው 16 ወይም 18 ነው። በር ላይ ፎቶ ያለው መታወቂያ ያያሉ፤ ልመና አይሰሙም። ሦስታችሁም ተሰልፋችሁ አንዱ ቢመለስ ሁላችሁም መመለሳችሁ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ትኬት መያዝ መግባት ማለት አይደለም። ትኬቱ ነጻ በመሆኑ ወስዶ የሚቀረው ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ድርጅቶቹ ካለው ወንበር በላይ ይሰጣሉ። ብዙዎቹ አዳራሾች ከ200 እስከ 300 ሰው ነው የሚይዙት፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ የተዋናዮችና የሠራተኞች እንግዶች አሉ። ቀድሞ የደረሰ ይገባል። በትኬቱ ላይ ከተጻፈው መድረሻ ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተሰለፉ። ሰዓቱንም ለእናትሽ በደንብ ንገሪያቸው፦ 4:30 የሚለው ከሰዓት በኋላ ነው፣ በሀበሻ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል።

ትኬቱን በወረቀት አትሚው። ስልክ አንዳንዱ ቦታ በር ላይ ይወሰዳል፣ አንዳንዱ ቦታ በሚቆለፍ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይመለስልሻል። የስቱዲዮው በር ቁጥር፣ የምትቀጥሪው መኪና፣ የዘመድ ስልክ፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ይኑር።

ድምፅ ክፍል፦

በርባንክ ሰፈር ያለው ልክ ነው። እኔ በውስጥ ስላለው ልጨምር፤ ሰው የሚሰላቸው ቲያትር ሊያይ የመጣ እየመሰለው ነውና።

ለ22 ደቂቃ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ፊት ለፊታችሁ ሦስት ወይም አራት ቤቶች ጎን ለጎን ተሠርተው ይቆማሉ፦ ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ መሥሪያ ቤት፤ ሁሉም አራተኛ ግድግዳ የላቸውም። በእናንተና በቤቶቹ መካከል አራት ካሜራዎች በጎማ ይሄዳሉ። ተዋናዩ የቱንም ያህል ቢቀርብ፣ ካሜራው፣ ገፊው፣ ማይክሮፎን ተሸካሚው መሐል ይገባሉ። ያኔ ከላይ የተሰቀሉትን ሞኒተሮች ማየት ነው። ዋናው ሳሎን አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ስለሚሠራ፣ መሐል ወንበር የደረሰው ዕድለኛ ነው። ጫፍ የተቀመጠ ደግሞ ለዚያ ክፍል ብቻ የተሠራውን ትንሽ ቤት ከቅርብ ያያል። ወንበር አይመረጥም፤ አስተናጋጆቹ እንደ አገባብሽ ቅደም ተከተል ነው የሚያስቀምጡሽ።

እያንዳንዱ ትዕይንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቀረጻል። ከመጀመሪያው በኋላ ጸሐፊዎቹ ሞኒተር ሥር ይሰበሰባሉ፤ ሳቅ ያላገኘውን ቀልድ እዚያው ይቀይሩና አዲሱን ለተዋናዩ በጆሮው ይነግሩታል። ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው ይሄ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ዓይነት መጨረሻ ሲወጣለት ታያላችሁ፣ የትኛው ቴሌቪዥን ላይ እንደሚቀር ግን እስኪተላለፍ አይታወቅም። ልብስ ሲቀየርና ዕቃ ሲነሳ 10 እና 15 ደቂቃ ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚሞላው የመድረክ አሟሟቂው ኮሜዲያን ነው፤ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ያስጨፍራል፣ ከረሜላ ይበትናል። መጠራት የማይፈልግ ሰው ዓይን ለዓይን አይጋጠመው።

አንዳንድ ትዕይንት ግን በአካል አታዩም። ቀደም ብሎ ተቀርጾ በሞኒተር ይታያችኋል፣ የእናንተም ሳቅ በዚያው ላይ ይቀዳል። ሕፃናት ያሉበት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ልጆች በቀን የሚሠሩትን ሰዓት ስለሚገድብ።

ሳቁን በተመለከተ፦ በተመልካቹ አናት ላይ ማይክሮፎኖች በተርታ ተሰቅለዋል። የእናንተ ድምፅ ከተዋናዮቹ ተለይቶ ነው የሚቀዳው፣ በኋላ ከፍ ዝቅ ተደርጎ ከክፍሉ ጋር ይቀናበራል። ስለዚህ በተዋናዩ ንግግር ላይ መጮህ፣ ቀልዱን ቀድሞ መገመትና ጮክ ብሎ መናገር ያንን ቅጂ (ያንን ዙር ቀረጻ) ያበላሻል። ጮክ ብሎ መሳቅ ግን አያበላሽም፤ ተዋናዮቹ ሳቁ እስኪወርድ ቆመው ይጠብቃሉ። በሁለተኛው ቅጂ ሰዉ ቀልዱን ስለሚያውቅ ሳቁ ይሞታል። አሟሟቂው «እንደ መጀመሪያው!» እያለ የሚለምነው ለዚህ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ልጄን አያቱ የማይገኙበት ሌላ ነገር እፈልግለታለሁ። ስለ እናቴ ግን ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ጉልበቷ ደረጃ ይችለው ይሆን? ደግሞስ እኔ አጠገቧ ሆኜ በሹክሹክታ ብተረጉምላትስ?

ዘፌርፋክስ፦

ደረጃ አለ፣ አይቀርም። ተመልካች የሚቀመጥበት እንደ ስታዲየም ወደ ላይ የሚወጣ እርከን ነው፤ ወደ እርከኑ መነሻ ለመድረስም ብዙ ቦታ ደረጃ መውጣት ይጠይቃል። ትኬቱን ስትሞዪ መውጣት እንደማይችሉ ጻፊ፤ ከዚያም ለድርጅቱ ኢሜይል ላኪና የመለሱልሽን አትመሽ ያዢ። ደረጃ ለማይወጡ የተለየ ቦታ አላቸው፤ ግን ጥቂት ወንበር ነው፣ በዕለቱ በር ላይ መጠየቅ ዘግይቷል። ሰልፉም ላይ አንድ ሁለት ሰዓት መቆም አለ። ታጣፊ ወንበር ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ ስለዚህ ገና ስትደርሱ ለአስተናጋጅ ንገሪ፣ አረፍ የሚሉበት ቦታ ይፈልጉላቸው ይሆናል።

ብርድ ነው ደግሞ። የመብራቱን ሙቀት ለማሸነፍ ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ ውጪ 30 ዲግሪ ሆኖ ውስጥ ትንቀጠቀጫለሽ። ጋቢ ይያዙ። ተመልካች በካሜራ ስለማይታይ ነጭ ነጠላ ችግር የለውም። ነጭ አትልበሱ የሚባለው ተመልካቹ በሚታይባቸው የውይይትና የጨዋታ ፕሮግራሞች ላይ ነው፤ ሁለቱን አታምታቺ።

ምግብ፦ ከውጪ የመጣ አያስገቡም። ቀረጻው ሲረዝም ፒዛ ወይም ሳንድዊች ያዞራሉ፣ ዓርብ ግን አይብ ያለበት ፒዛ ለእናትሽ ምን ይሆናል። ወጣ ከማለታችሁ በፊት እዚያው ፌርፋክስ ላይ በያይነቱን በደንብ ይብሉ። ዓርብ ቅዳሴ ወጥተው የሚበሉ ከሆነ ደግሞ ከ9 ሰዓት በኋላ ሰልፍ ላይ ናችሁና ሰዓቱን ቀድማችሁ አስቡበት። መድኃኒት ካላቸው በቦርሳ ሳይሆን በኪስ ይሁን፤ ትልቅ ቦርሳ ይመለሳል።

መንገዱ ከ10 ማይል ብዙም አይበልጥም፣ ዓርብ ከሰዓት ግን በማይል አይለካም። አንድ ሰዓት ተኩል ያዢለት። 217 አውቶቡስና ባቡር ቀያይሮ መድረስ ይቻላል፤ ለታመመ ጉልበት ግን አልመክርም። ለሹፌሩ የስቱዲዮውን ስም ብቻ ከሰጠሽው ጎብኚዎች በሚገቡበት በር ያወርድሻል። የተመልካቹ በር ሌላ ነው፣ በግቢው ዙሪያ በእግር መሄድም ሩቅ ነው። ትኬቱ ላይ ያለውን የበር ቁጥርና መንገድ ስጪው።

ድምፅ ክፍል፦

ትርጉሙን እኔ ልመልስ። ቀረጻ እየሄደ በፍጹም አትተርጉሚ። ማይክሮፎኖቹ ሳቅ እንዲለቅሙ የተሰቀሉ ስለሆኑ ሹክሹክታም ይለቅማሉ፤ ከአናትሽ በላይ ካለው አንዱ ላይ አማርኛሽ ጥርት ብሎ ይገባል። አስተናጋጁ አንዴ ያስጠነቅቃል፣ ሁለተኛ ጊዜ ቦታ ሊቀይራችሁ ይችላል።

መላው ግን ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቅጂ እናትሽ ፊቱንና እንቅስቃሴውን ይዩ። ዳይሬክተሩ «ከት» ካለ በኋላ፣ ጸሐፊዎቹ ሲሰበሰቡ፣ ሁለትና ሦስት ደቂቃ አለሽ። አሟሟቂው እየጮኸ ስለሆነ ማንም አይሰማሽም። ማን ምን እንዳለና ቀልዱ የቱ ጋ እንዳለ ያኔ ንገሪያቸው። ሁለተኛው ቅጂ ሲጀመር ሌላው ሰው ሁሉ ቀልዱን የሰማ ነው፤ ለእናትሽ ግን ገና መግባቱ ነው። ከልባቸው የሚስቁት በሁለተኛው ላይ ይሆናል፣ ስቱዲዮው ሳቅ የሚቸግረውም እዚያው ላይ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ያለፉትን ሁለት ክፍሎች አሳዪያቸው። የምታዩት ገና ያልተላለፈ፣ ሳምንታት ወደፊት የሄደ ታሪክ ስለሆነ መሐሉ ሊጠፋባቸው ይችላል። አሟሟቂው ሲጀመር ያለፈውን ባጭሩ ይናገራል፣ ግን በጣም ይፈጥናል።

በርባንክ ሰፈር፦

የረሳሁት፦ ሞልቷል ብለው ከመለሷችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ለሌላ ቀን ቅድሚያ የሚሰጥ ወረቀት ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ይሰጣሉ። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ቀረጻውን በቆይታችሁ መጀመሪያ ላይ አድርጉት።

ገብታችሁም መሐል ላይ መውጣት አይከለከልም፤ በእረፍት መሐል ለአስተናጋጁ ነግራችሁ ትወጣላችሁ፣ ተመልሶ መግባት ግን የለም። እስከ መጨረሻው ከቆያችሁ ተዋናዮቹ አንድ በአንድ ተጠርተው ጎንበስ ብለው ያመሰግናሉ። ፊርማና ፎቶ የለም፤ እናትሽ ይሄን አስቀድመው ይወቁት።

ልጁን ደግሞ በሌላ ቀን፣ በጠዋቱ፣ የዋርነር ብራዘርስን የስቱዲዮ ጉብኝት ውሰጂው። እሱ የሚከፈልበት ነው፣ ለታዳጊ ግን ክፍት ነው። «ፍሬንድስ» የተቀረጸበት 24ኛው አዳራሽ ዛሬ በኮሜዲው ስም ይጠራል፤ የሴንትራል ፐርክ ቡና ቤት ሶፋ ላይም ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። እዚያ ስልክ አይቆለፍም።