የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ ላይ ሐሳብ እንስጥ

ከሰርጂካል ዋርድ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በካቴተር (ሽንት ለማውጣት ፊኛ ውስጥ በሚገባው ቱቦ) የሚመጣውን ኢንፌክሽን ለመቀነስ የተጻፈውን ረቂቅ አየሁት፤ አሪፍ ነው፣ ግን አብዛኛው የሚያወራው ስለ ቱቦው አገባብ ነው። ስቴራይል ጓንት፣ ኪት፣ ምናምን። እሱ ይኑር። ዋናው ጣጣ ግን ቱቦው ከገባ በኋላ የሚያስታውሰው መጥፋቱ ነው። ካቴተር በቆየ በእያንዳንዱ ቀን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ኦፕሬሽን የተሠራ ሰው የተለየ ምክንያት ከሌለ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊወጣለት ሲገባ፣ እኛ ጋ ዓርብ የገባው ዶክተሩ "ይውጣ" ብሎ እስኪጽፍ ሰኞን ይጠብቃል። ስለዚህ አንደኛው ነጥባችን ይህ ይሁን፦ ቱቦው የሚወጣበት መስፈርት በጽሑፍ ይጽደቅ፣ ነርሷ ትዕዛዝ ሳትጠብቅ ታውጣ።

ከሜዲካል ዋርድ ሐኪም፦
ሲስተር፣ ይመቸኛል። ግን በፕሮስቴት ሽንት የተዘጋባቸውንና የሽንት መስመር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ለይታችሁ ጻፉ፤ እነሱ የሚወጣላቸው በሐኪም ውሳኔ ብቻ ነው። ደግሞ ከወጣ በኋላ ታካሚው መሽናቱን የሚከታተለው ማን እንደሆነ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ማታ መልሰን ልናስገባ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ምልክት ለሌለው ሰው ሽንቱ ላይ ባክቴሪያ ተገኘ ተብሎ ብቻ አንቲባዮቲክ መስጠት ይቅር። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ሌላ ነው።

ከአይሲዩ ነርስ፦
አስታማሚውን ረሳችሁት እኮ! ባጉን (ሽንቱ የሚጠራቀምበትን ከረጢት) የሚደፋው እሱ ነው፣ አንዱን ጆግ ይዞ አልጋ ላልጋ እየተዋዋሰ። ለእያንዳንዱ ታካሚ የራሱ ዕቃ ይኑረው፤ የባጉ አፍም ዕቃውን አይንካ። ራጅ ሲሄዱስ? በስትሬቸር ላይ ባጉን ሆዳቸው ላይ ጣል ያደርጉታል፣ ሽንቱም ወደ ፊኛ ይመለሳል። ባጉ ሁሌ ከፊኛ በታች ይንጠልጠል፣ ግን ወለል አይንካ። ታካሚ ለሚያመላልሱትም ሠራተኞች ይነገር።

ከሰርጂካል ዋርድ ነርስ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ገብቷል። አልጋ እንዳይረጥብ ብቻ ቱቦ ማስገባት ይቅር የሚለውንም ጨመርኩ፤ ለወንዶች ኮንዶም ካቴተር (ፊኛ ውስጥ ሳይገባ ከውጭ የሚጠለቅ) አለ። የፊኛ አልትራሳውንድ ግዢውን ግን አወጣሁት፣ እሱን ስንጠብቅ ሌላውም ይቀራል። ባጀቱ ለጆግ፣ ለማሰሪያ ፕላስተርና ለሥልጠና ይሁን።

ከሜዲካል ዋርድ ሐኪም፦
መለኪያውስ? በ1000 የካቴተር ቀን (አንድ ሰው ቱቦ ይዞ የቆየበት አንድ ቀን እንደ አንድ ተቆጥሮ) ስንት ኢንፌክሽን እንደተገኘ እንቁጠር። ለዚህ ደግሞ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ስንት ሰው ቱቦ እንዳለው የሚመዘግብ ያስፈልጋል።

ከአይሲዩ ነርስ፦
የእኛን እኔ እይዛለሁ። የሌላውን ዋርድ ማን ይወስዳል?